ከዋቱ በፊት ግድግዳው፦ የካምፐር የድምፅ ሲስተም እንዴት ይሻሻላል?

በመኪና የሚጎተት ካምፐር፣ ማለትም የሚያድሩበት ተጎታች ቤት፣ ያለው ሰው ይህን በደንብ ያውቀዋል። መኪናው ውስጥ አምሮ ሲሰማ የነበረ ዘፈን ካምፐሩ ውስጥ ሲከፈት ይቀጥናል። ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ፣ ድራሹ ይጠፋል። ድምፁን ጨመር ሲያደርጉት ደግሞ የቁም ሳጥኑ በር ይንቀጫቀጫል፣ ግድግዳው ይነዝራል። አብዛኛው ሰው ወዲያው «ይሄ ቴፕ አቅም የለውም» ይላል። ዋቱ ከፍ ያለ ሌላ ቴፕ ይገዛል፣ ይገጥማል፣ ይከፍታል። ያው ቀጭን ድምፅ ነው፤ አሁን ግን ይጮኻል።

ገንዘብ እንዲህ ሲባክን ማየት ያሳዝናል፤ ችግሩ መጀመሪያውኑ ቴፑ ላይ አልነበረምና። ካምፐር ውስጥ ድምፅ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ስፒከሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው። ሌላው ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት ሽቦ ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን በዚህ ቅደም ተከተል ነው የምሄደው፦ መጀመሪያ ግድግዳው፣ ቀጥሎ ሽቦው፣ ከዚያ ስፒከሩ። ዋት የሁሉም መጨረሻ ነው።

ስፒከር ከኋላውም ይጮኻል

ስፒከር ድምፅ የሚያወጣው በፊቱ ብቻ አይደለም። ከወረቀት ወይም ከፕላስቲክ የተሠራው ኮን ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለውን አየር ያምቃል። በዚያው ቅጽበት ከኋላው ያለውን አየር ይስባል። ከፊትና ከኋላ የሚወጡት ድምፆች ተቃራኒ ናቸው ማለት ነው። ሁለቱ ከተገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል።

ቀጭን ድምፅ በዚህ ብዙም አይጎዳም። ሞገዱ አጭር ስለሆነ ወደ ፊት ለፊት ይሄዳል። ወፍራሙ ድምፅ ላይ ነው ጣጣው። የ100 ኸርዝ ቤዝ አንድ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ያህል ነው። አንዲት 16 ሴንቲ ሜትር ስፒከር ለእንዲህ ዓይነት ሞገድ ምንም ማለት አይደለችም፤ በቀላሉ ዞሯት ይሄድና ከኋላው ድምፅ ጋር ይገናኛል። ቤዙ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው። የቤት ስፒከር በሳጥን የሚታሸገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሳጥኑ የኋላውን ድምፅ ከፊተኛው ይለየዋል።

አሁን ካምፐሩን እንየው። ብዙ ካምፐሮች ላይ ስፒከሩ የተሰካው 3 ሚሊ ሜትር በሆነ ኮምፔንሳቶ ላይ በተቦረቦረ ቀዳዳ ነው። ከኋላው ወይ ባዶ ቁም ሳጥን አለ፣ ወይ የጣሪያው ክፍተት። ሳጥን የሚባል ነገር የለም። በዚያ ላይ ኮምፔንሳቶው ስስ ስለሆነ ስፒከሩ ሲመታ ግድግዳው ራሱ ከበሮ ይሆናል። የምንሰማው ዘፈኑን ብቻ ሳይሆን ግድግዳውንም ጭምር ነው።

ይህን በእጃችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ቤዝ ያለበት ዘፈን ክፈቱና በመካከለኛ ድምፅ ይሂድ። መዳፋችሁን ከስፒከሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ ጫኑት። ድምፁ ድንገት ጠራ ካለ ወይም አንድ የሚንጫጫ ነገር ዝም ካለ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል ማለት ነው። እጃችሁን ወደ ቁም ሳጥኑ በር፣ ወደ መብራቱ ክዳን፣ ወደ መጋረጃው ዘንግ እያዘዋወራችሁ ሞክሩት። አንዳንዴ ለሳምንታት «ስፒከሩ ተቀዷል» ሲባል የከረመው ነገር አንድ የላላ ማጠፊያ ሆኖ ይገኛል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። ከ12 እስከ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ኮምፔንሳቶ ለስፒከሩ የሚሆን ቀለበት ቁረጡ። ከስሱ ግድግዳ ጀርባ በማጣበቂያና በብሎን አጥብቃችሁ እሰሩትና ስፒከሩን እሱ ላይ ግጠሙት። በስፒከሩ ጠርዝና በእንጨቱ መካከል የስፖንጅ ማኅተም አድርጉ፤ አየር በዚያ ካመለጠ ቤዝም አብሮ ያመልጣል። በዙሪያው ባለው ግድግዳ ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን የቡቲል ምንጣፍ ለጥፉ፤ መኪና በር ውስጥ የሚለጠፈው ያው ራሱ ነው። ግድግዳውን ሙሉ መሸፈን አያስፈልግም። ቡቲል ይከብዳል፣ ተጎታች ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ኪሎ ይቆጠራል። በስሱ ክፍል መሀል ላይ ጥቂት ቁራጭ ብዙ ሥራ ይሠራል።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን ኋላውን መዝጋት ነው። ከስፒከሩ ጀርባ ትንሽ ሳጥን መሥራት ከቻላችሁ ሥሩ። ስንት ሊትር መሆን እንዳለበት ከጥሩ ስፒከር ጋር የሚመጣው ወረቀት ላይ ብዙውን ጊዜ ተጽፎ ይገኛል። ውስጡን የትራስ ፋይበር ሳታጭቁ በሳሳ ሁኔታ ሙሉት። ሳጥን መሥራት ካልተቻለ ቢያንስ ቁም ሳጥኑን የሚያፈስሱትን ቀዳዳዎች ድፈኑ። ያንኑ የድሮ ስፒከር፣ ያንኑ የድሮ ቴፕ ይዛችሁ እንኳ ልዩነቱ ወዲያው ይሰማችኋል።

ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አደራ። የካምፐር ግድግዳ ውስጥ ሽቦ፣ የውኃ ቱቦ፣ አንዳንዴም የጋዝ ቱቦ ያልፋል። ከቀዳዳው ኋላ ያለውን በባትሪ መብራት ሳታዩ አትቦርቡሩ። የውጭውን ግድግዳ ደግሞ ባትነኩት ይሻላል። በውጭ ግድግዳ ላይ የተከፈተ እያንዳንዱ ቀዳዳ ለዝናብ በር ነው፤ ከውስጥ ያለው እንጨት ቀስ ብሎ ሲበሰብስ ከውጭ ምንም አይታይም። የስፒከሩንም ጥልቀት ለኩ። ማግኔቱ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይገባል፣ የብዙ ካምፐር ግድግዳ ደግሞ ከዚያ ይሳሳል። የቤት ዕቃው ላይ፣ ለምሳሌ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከላይኛው ቁም ሳጥን ሆድ ላይ መግጠም አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነው።

ሽቦው ላይ የሚቀረው ቮልት

ካምፐሩ የራሱ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ቴፑም የሚሠራው በዚያ ነው። እዚህ ላይ መኪናና ካምፐር ይለያያሉ። መኪናው ሲነሳ ዳይናሞው ባትሪውን ስለሚሞላ ቴፑ 14 ቮልት ገደማ ያገኛል። ቆሞ የሚያድር ካምፐር ውስጥ ግን ባትሪው ብቻውን ነው። ሙሉ የሆነ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ላይ ይቆያል። እየተጠቀማችሁ ስትሄዱ ወደ 12 ይወርዳል።

ይህ ለድምፅ ምን ያደርጋል? በቴፑ ውስጥ ያለው አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላው ክፍል) ከሚደርሰው ቮልት በላይ መሄድ አይችልም። ባለ 4 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ ነው) ስፒከር ላይ፣ በ14 ቮልት፣ ሳይዛባ ሊሰጥ የሚችለው ጣሪያ 24 ዋት ገደማ ነው። በ12 ቮልት ደግሞ 18 ዋት። በተግባር ከዚህም ያንሳል። «ታዲያ ቴፑ ላይ 4 በ50 ዋት ተብሎ የተጻፈውስ?» ብትሉ፣ እሱ ድምፁ ተዛብቶና ተቆርጦ ለቅጽበት የሚደርስበት ቁጥር ነው። ሙዚቃ የሚሰማበት ቁጥር አይደለም። አርኤምኤስ የሚለውን ፈልጉ፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው እውነተኛው አቅም እሱ ነው። ውስጡ ቮልት የሚያሳድግ ክፍል ያለው ቴፕ ካልሆነ በቀር ሁሉም እዚያው 18 እና 20 ዋት አካባቢ ነው የሚያርፉት። በዋት ቁጥር ቴፕ ማወዳደር ዋጋ የለውም የምለው ለዚህ ነው።

ካላችሁ ቮልት ላይ ደግሞ ሽቦው ድርሻውን ይወስዳል። አንድ ምሳሌ እንሥራ። ቴፑ ከባትሪው 6 ሜትር ይርቃል እንበል። ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ የሽቦው ርዝመት 12 ሜትር ነው። ሽቦው 1 ሚሊ ሜትር ካሬ ከሆነ ተቃውሞው 0.21 ኦም ይሆናል። ቤዝ ሲመታ ቴፑ 8 አምፔር ቢስብ 1.7 ቮልት ገደማ ሽቦው ላይ ይቀራል። ባትሪው ላይ 12.2 ያለው ቴፑ ጋ ሲደርስ 10.5 ሆኗል። ቤዙ በመታ ቁጥር ቴፑ ጠፍቶ ተመልሶ የሚበራባችሁ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ይሄ ነው። ሽቦውን ወደ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ብትቀይሩት የሚጠፋው 0.4 ቮልት ብቻ ነው።

ለመለካት አንድ ቴስተር ይበቃል። ዘፈን ጮክ አድርጋችሁ ከፍታችሁ መጀመሪያ ባትሪው ላይ፣ ቀጥሎ ቴፑ ጀርባ ላይ ቮልቱን አንብቡ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ከበለጠ አዲስ ቴፕ ከመግዛታችሁ በፊት ሽቦ ግዙ። ኔጌቲቩንም ያው እንደ ፖዘቲቩ ውፍረት ባለው ሽቦ መልሱት። ብዙዎች ኔጌቲቩን የተጎታቹ ብረት ላይ ያስሩታል። ዝገትና የላላ ብሎን ባለበት ብረት ላይ የታሰረ ኔጌቲቭ ቮልት ይበላል፣ ሹክሹክታና ጉምጉምታም ያመጣል።

ፊውዙን በሚመለከት አንድ ነገር ብዙ ጊዜ ይሳታል። ቴፑ ጀርባ ላይ ያለችው የ10 ወይም የ15 አምፔር ፊውዝ ቴፑን ነው የምትጠብቀው። ከባትሪው እስከ ቴፑ ድረስ ያለውን ሽቦ ግን የሚጠብቀው የለም። ያ ሽቦ መንገድ ላይ ተፋፍቆ ብረት ቢነካ ይግላል፣ ይቃጠላል። በእንጨትና በስፖንጅ በተሞላ ማደሪያ ውስጥ ይህ የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ለባትሪው በጣም ቅርብ፣ ከአንድ ስንዝር ሳይርቅ፣ የሽቦውን አቅም የማይበልጥ ፊውዝ አስገቡ። ሥራ ስትጀምሩ መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱ። የቻርጀሩንና የሶላሩንም ግንኙነት አቋርጡ፤ ባትሪው ቢፈታም እነሱ ኤሌክትሪክ ሊልኩ ይችላሉ። የጋዝ ጠቋሚው ከዚያው መስመር ላይ የተሰካ ከሆነ ደግሞ ስትጨርሱ መሥራቱን ሳታረጋግጡ አትተኙ።

ከቴፑ የሚወጡት ሽቦዎች ቀለማቸው በአብዛኛው ተመሳሳይ ነው። ቢጫው የማያቋርጥ 12 ቮልት ይፈልጋል፤ ሰዓቱንና የጣቢያ ምርጫችሁን የሚያስታውሰው በእሱ ነው። ቀዩ መኪና ላይ ከቁልፉ ጋር ይያያዛል። ጥቁሩ ኔጌቲቭ ነው። ካምፐር ቁልፍ ስለሌለው ብዙዎች ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ያስሩዋቸዋል። ይሠራል፤ ግን ቴፑ ጠፍቶም ትንሽ ትንሽ ይስባል። የሚስበው 50 ሚሊ አምፔር እንኳ ቢሆን በወር 36 አምፔር ሰዓት ነው። ካምፐሩ ለወራት ቆሞ ሲከርም ባትሪውን ለመግደል ይበቃል። ቀዩ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ አድርጉለት። ካምፐሩን ለረጅም ጊዜ ስታቆሙት ደግሞ የቢጫውን ፊውዝ ነቅላችሁ አስቀምጡ። ጣቢያ እንደገና መፈለግ ባትሪ ከመግዛት ይሻላል።

ስፒከሩ

ስፒከር ስትመርጡ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 300 ዋት ተዉት። የሚጠቅማችሁ በትንሹ የተጻፈው ሴንሲቲቪቲ ነው። በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል (የድምፅ ጥንካሬ መለኪያ) እንደሚያወጣ ይናገራል። አንዱ 87፣ ሌላው 90 ዴሲቤል ቢሆን ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ግን 3 ዴሲቤል ማለት የአምፕሊፋየሩን አቅም እጥፍ ማድረግ ማለት ነው። ባለ 90ው በ18 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማግኘት ባለ 87ው 36 ዋት ይፈልጋል። ባትሪ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ጆሯችን ደግሞ ድምፁ «እጥፍ ሆነ» የሚለው አቅሙ አሥር እጥፍ ገደማ ሲያድግ ነው። ከ20 ወደ 40 ዋት መሄድ ለጆሮ ትንሽ ጭማሪ ብቻ ናት።

ካምፐር ውስጥ እርጥበት አለ፤ ይበሰላል፣ ይታጠባል፣ ሌሊት ግድግዳው ያላባል። የወረቀት ኮን በዚህ ይረግባል፣ የስፖንጅ ጠርዙም በጊዜ ይፈረፈራል። ለጀልባ የሚሠሩት ስፒከሮች የፕላስቲክ ኮንና የጎማ ጠርዝ ስላላቸው እዚህ ይመቻሉ። ከቴፑ ጋር እንዲሄዱ 4 ኦም መሆናቸውን እዩ። ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮችን በአንድ መውጫ ላይ ጎን ለጎን አትሰሩ፤ 2 ኦም ይሆኑና ቴፑን ያግሉታል፣ ሊያቃጥሉትም ይችላሉ።

ስትገጥሙ የፖዘቲቭና የኔጌቲቭ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዱ ስፒከር ተገልብጦ ከታሰረ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል። ቤዙ እንደገና ይጠፋል፣ የዘፋኙም ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። የትኛው ሽቦ የትኛው እንደሆነ ከጠፋባችሁ ባለ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ አምጡ። ወደ ስፒከሩ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች ከቴፑ ነቅላችሁ የድንጋዩን ሁለት ጫፍ ለቅጽበት ብቻ አስነኩ። ኮኑ «ጧ» ብሎ ወደ ውጭ ከወጣ ከድንጋዩ ፕላስ ጋር የተነካካው ሽቦ ፖዘቲቩ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው። ሽቦው ላይ ናስትሮ ጠቅልላችሁ ምልክት አድርጉና ወደሚቀጥለው እለፉ።

ቤዝ ለሚወድ ሰው ከመቀመጫ ሥር የሚገባ፣ አምፕሊፋየሩን በውስጡ የያዘ ስስ ሰብዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ብቻ ስፒከር፣ አለ። ባለ 20 ሴንቲ ሜትሩ ለካምፐር ይበቃል። ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ቤዝን ያግዛል፤ ትልቅ ሳሎን ውስጥ የሚያስፈልገው ጉልበት እዚህ አያስፈልግም። ቦታውን ግን እየቀያየራችሁ ስሙት። በጠባብ ክፍል አንዱ ጥግ ቤዝ ይከመራል፣ ሌላው ጥግ ባዶ ይሆናል።

ሬዲዮ የምትሰሙ ከሆነ ደግሞ የአሉሚኒየም ቆዳ ያለው ካምፐር ሞገዱን እንደሚከልል አትርሱ። ከውስጥ የተጠቀለለ የአንቴና ሽቦ ብዙ አይሠራም። አንቴናው ውጭ መሆን አለበት፤ ለኤፍኤም 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ጥሩ ነው። ጣቢያው መብራት ስታበሩ የሚንጫጫ ከሆነ ችግሩ ከርካሽ ኤልኢዲ አምፖል ወይም ከሶላር መቆጣጠሪያው ሊሆን ይችላል። አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ፈልጉት።

ውጭ ተቀምጦ ለመስማት የውጭ ስፒከር ለመግጠም የሚያስቡ ብዙ ናቸው። እኔ አልመክርም። ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ድምፁ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ግድግዳው ላይ ያለው ስፒከር 4 ሜትር ርቀት ላይ ለተቀመጠው ሰው እንዲሰማ ጎረቤትን መረበሽ አለበት። አንዲት ውኃ የማያስገባ የብሉቱዝ ስፒከር ጠረጴዛው ላይ፣ በ1 ሜትር ርቀት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይህንን ሥራ ያለ ምንም ቀዳዳ ትሠራዋለች።

አሁን ዋት

ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ድምፁ ካነሰ፣ አምፕሊፋየር የመጨመር ጊዜው ደርሷል። ክላስ ዲ የሚባለውን ውሰዱ። ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 80 በመቶውንና ከዚያ በላይ ወደ ስፒከሩ ያደርሳል፤ የድሮው ክላስ ኤቢ ግማሹን ያህል በሙቀት ያባክነዋል። የቤት አምፕሊፋየር በኢንቨርተር ማሠራት ይቻላል፣ ግን 12ቱን ወደ 220 አሳድጎ እንደገና ለማውረድ የሚባክነው ባትሪያችሁ ነው። አምፕሊፋየሩን አየር በሚያገኝበት ቦታ ግጠሙት። የጋዝ ሲሊንደር ወይም ባትሪ ባለበት ሳጥን ውስጥ ፈጽሞ አታስገቡት።

ባትሪውንም አስሉ። ቴፕ ብቻውን በመካከለኛ ድምፅ 1.5 አምፔር ቢስብ በ5 ሰዓት 7.5 አምፔር ሰዓት ነው። አምፕሊፋየርና ሰብዉፈር ተጨምረው በአማካይ 5 አምፔር ቢሆን 25 ይሆናል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪ እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ መጠቀም ስለሚመከር፣ ያ ምሽት ከሚፈቀድላችሁ ግማሹን በላ ማለት ነው። ፍሪጁና መብራቱ ገና አልተቆጠሩም። ሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ካላችሁ አብዛኛውን አቅሙን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ቮልቱም እስከ መጨረሻው አካባቢ 13 ገደማ ላይ ስለሚቆይ ለድምፁም ይረዳል።

አምፕሊፋየሩ ላይ ያለው ጌይን የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ ጋር ማጣጣሚያ ነው። ቴፑን ወደ ሦስት አራተኛ አድርሱ። ጌይኑን ከዜሮ ጀምራችሁ በካቻቪቴ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድምፁ መሻከር ሲጀምር ትንሽ መልሱና ተዉት። ቤዝ ቡስት የሚለውን ዜሮ ላይ አድርጉት። ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ ደግሞ የስፒከሮቹን ብሎኖች፣ የባትሪውን ጫፎችና የኔጌቲቩን ማሰሪያ አንድ በአንድ አጥብቁ፤ ተጎታች መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ መጀመሪያ የሚላሉት እነሱ ናቸው።